ገዢው ማን ነው?

በቋንቋችን «ገዛ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። በገበያ ዋጋ ከፍሎ ዕቃ የወሰደ ሰው ገዛ ይባላል፤ አገር ያስተዳደረ ሰውም ገዛ ይባላል። ገዢ ብንል የበሬ ገዢም ነው፣ የአውራጃ ገዢም ነው። ደግሞም «የገዛ ቤቴ»፣ «የገዛ እጄ»፣ «የገዛ ልጄ» እንላለን። አባቶቻችን ሁለቱን ነገር በአንድ ስም የጠሩት ቃል ቸግሮአቸው አይመስለኝም። ዋጋ ከፍሎ የወሰደውን ዕቃ እንደ ፈቃዱ የማያዝዝበት ሰው ይኖራል ብለው ስላላሰቡ ነው። በሬ የገዛ ሰው ገመዱን ከሻጩ እጅ ከተቀበለ በኋላ ቢያርስበት፣ ቢያርደው፣ ለአማቹ ቢሰጠው፣ በሚመጣው ቅዳሜ መልሶ ቢሸጠው የሻጩን ፈቃድ አይጠይቅም። ሻጩም በሌሊት መጥቶ በሬውን ከበረት ፈትቶ ቢወስደው፣ ዋጋውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ቈጥሮ ቢተውለት እንኳ፣ ሌባ ከመባል አይድንም።

ይህን የመሰለ የታወቀ ነገር ለመናገር የጋዜጣ ወረቀት ማባከን አያስፈልግም ነበረ። ዳሩ ግን ዛሬ ከታላላቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ጋር የምንገበያይ ሰዎች ሁሉ ዋጋውን ከፍለን፣ ገመዱን ግን በሻጩ እጅ ትተን የምንሄድ ሆነናል። መጽሐፉ፣ ስልኩ፣ የማተሚያው መኪና በቤታችን ይቀመጣል፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ባሕር ማዶ ከተቀመጠ ጌታ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ያጕረመርማል። የሚያጕረመርመው ግን ስለ ዝናብ መዘግየት ወይም ስለ በጋ አቧራ እንደሚያጕረመርም፣ ማንም ሰው እንዳላመጣው አድርጎ ነው። እኔ ግን የሰው ሥራ ነው፣ ታስቦበትም የተደረገ ነው እላለሁ፤ ምስክሮቼንም አቀርባለሁ። የውጭውን አገር ነገር የማነሣበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ፊተኛው ምስክር በ2009 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአሜሪካ የሆነው ነው። አማዞን የተባለው ኩባንያ ኪንድል የሚባል የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ይሸጣል፤ ለዚሁ መሣሪያ የሚሆኑትንም መጻሕፍት በኢንተርኔት ይሸጣል። በመደብሩ ከነበሩት መጻሕፍት መካከል ጆርጅ ኦርዌል የተባለው እንግሊዛዊ የደረሳቸው ሁለት መጻሕፍት ነበሩ። ወደ መደብሩ ያስገባቸው ሌላ ነጋዴ የማሳተም መብት የሌለው ሆኖ ተገኘ። የመብቱ ባለቤቶች በጮኹ ጊዜ አማዞን መጻሕፍቱን ከመደብሩ በማውጣት ብቻ አልተወሰነም። ገዝተው በየቤታቸው ከሚያነቡት ሰዎች መሣሪያ ውስጥ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በተቀመጠበት ሆኖ ሰረዛቸው፤ ዋጋቸውንም መለሰ። ማታ ያነበው የነበረውን መጽሐፍ ጧት የከፈተ ሰው ባዶ ቦታ አገኘ። ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱ በ1949 ዓ.ም. የታተመው «1984» የሚባለው ነው፤ ታሪኩም የትናንትን ጽሑፍ እየለቀመ ወደ እሳት ስለሚጥል መንግሥት ይናገራል። እንዲህ ያለውን ግጥምጥም አንድ ደራሲ ከራሱ አውጥቶ ቢጽፈው አንባቢ «ይህስ በዛ» ባለው ነበር።

የኩባንያው አለቃ ጄፍ ቤዞስ በዚያው ወር ሥራው ሞኝነትና አሳብ የጐደለው እንደ ነበረ በይፋ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን እንቀበላለን። ነገር ግን ይቅርታ የተጠየቀው እጁ ስለ ተዘረጋ ነው፤ እጁ ግን አልተቈረጠም። ከዚያ ቀን በፊት ኪንድል የገዛ ሰው ሁሉ ሻጩ እንዲህ ማድረግ እንደሚችል አያውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዐወቀ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ ለትምህርቱ እያነበበ ማስታወሻ ይጽፍበት ነበርና መጽሐፉ ሲሰረዝ ማስታወሻው የሚያመለክተው ቦታ ጠፋበት። እርሱም ከሰሰ፤ ክሱም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ።

ካህናት አንባብያን ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ በጥልቀት ያስተውሉታል። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንደሚያወግዝ ያውቃሉና። ጸሐፊው የፈራው ሁለት ሰዎችን ነበረ፤ ሌባንና ፋቂን። ሌባ መጽሐፉን ይዞ ይጠፋል፤ ፋቂ ብራናውን በካራ ፍቆ የባለቤቱን ስም ያጠፋል፣ የራሱንም ይጽፋል። ሁለቱም ወደ ዕቃ ቤቱ መግባት አለባቸው፤ ስለዚህም ሊያዙ ይችላሉ። መጽሐፉን ጽፎ ዋጋውን ተቀብሎ ያስረከበው ራሱ ከሩቅ ሆኖ ፋቂ ይሆናል ብሎ ግን ማንም ጸሐፊ አልጠረጠረም። እንዲያውም አባቶቻችን በመጽሐፍ ላይ ያላቸው እምነት እጅግ ጽኑ ከመሆኑ የተነሣ የርስት ስጦታንና የመሬት ሽያጭን በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር። በጎንደር ዘመን ማን ለማን መሬት እንደ ሸጠ፣ በማን ምስክርነት እንደ ሸጠ ዛሬ የምናውቀው ከዚሁ ኅዳግ ነው። ሽያጭን ያጸናላቸው የነበረው መጽሐፉ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ፊደሉም የማይለወጥ መሆኑ ነበረ። እኛ ደግሞ መጽሐፉን ራሱን እንኳ ሽያጩ የማያጸናው ዘመን ላይ ደርሰናል።

ሁለተኛው ምስክር ማይክሮሶፍት ነው። ይህ ኩባንያ በ2019 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የመጽሐፍ መደብሩን መዝጋቱን ተናገረ፤ በሐምሌም ወር ሰዎች ከእርሱ የገዙአቸው መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ። ጥፋት አልተገኘባቸውም፤ የመብት ክርክርም አልተነሣባቸውም። ሻጩ ሱቁን ዘጋ፣ ከሱቁም ጋር ትናንት የተሸጠው ሁሉ ተዘጋ። በከተማችን አንድ መጽሐፍ ሻጭ ንግድ ቢተው በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ ገጻቸው ተጣብቆ አልገለጥ ይላል እንደ ማለት ነው። ኩባንያው ዋጋውን በሙሉ መለሰ፤ በገዙት መጽሐፍ ላይ ማስታወሻ ጽፈው ለነበሩትም 25 ዶላር ጨመረላቸው። ሰው በመጽሐፍ ጠርዝ ላይ ያሰበው አሳብ ሁሉ፣ የአንድ ቀንም ይሁን የብዙ ዓመት፣ በ25 ዶላር ተገመተ። ይህን ግምት ያወጣው ሰው እርሳስ ይዞ መጽሐፍ አንብቦ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

እነሆ፣ በሁለቱም ጊዜ ገንዘቡ ስለ ተመለሰ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ገንዘብ መመለስ በራሱ ፍርድ አይሆንም። ሽያጭ ማለት ሻጩ በፈለገው ቀን ዋጋውን መልሶ የሚያፈርሰው ነገር ከሆነ፣ ገዢው እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ይዞ ነበር? መያዣ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ በመያዣ ጊዜ ዕቃው እንደሚመለስ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ያውቃሉና።

ኩባንያዎቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። «ፈቅዳችኋል፤ ውሉን አንብባችሁ እስማማለሁ ብላችኋል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ብለናል። ሁላችንም እስማማለሁ የሚለውን ቃል በጣታችን ነክተን አልፈናል። ግን የትኛው ውል ነው? አንድ ሰው በአንድ ተቀምጦ የማይጨርሰው፣ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ፣ ለብዙ ወገኖቻችንም በማያነቡት ቋንቋ የቀረበ፣ ኩባንያው በወደደ ጊዜ የሚለውጠው ጽሑፍ ነው። ለመከራከርም ቦታ የለውም፤ ወይ እስማማለሁ ይላሉ ወይ ዋጋውን የከፈሉበትን ስልክ እንደ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። የአገራችን ሰው የሚያውቀው ውል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሽማግሌ መካከል ገብቶ፣ አንዱ «ይህንስ አልቀበልም» ሲል ሌላው «እንግዲያውስ እንዲህ ይሁን» የሚልበት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጣው ደግሞ ይህ ነው፤ በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ «አልሸጥንልህም፣ እንድትጠቀምበት ፈቀድንልህ እንጂ» የሚል ቃል ተቀብሮ ሳለ፣ በፊት ለፊቱ በትልቁ ፊደል የተጻፈው ግን «ግዛ» የሚል ነው።

ይህ ቃል በእኛም ሕግ የታወቀ ትርጕም ያለው ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሽያጭን ሲተረጕም ሻጭ ዕቃውን ሊያስረክብና ባለሀብትነቱን ለገዢው ሊያስተላልፍ፣ ገዢም ዋጋውን በገንዘብ ሊከፍል የሚዋዋሉበት ነው ይላል። ባለሀብትነት ያልተላለፈበት ነገር እንግዲህ ሽያጭ አይደለም። ሌላ ስም ይፈለግለት።

የካሊፎርንያ ሰዎች፣ ኩባንያዎቹ የተወለዱበት አገር ሰዎች፣ ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል። በ2024 ዓ.ም. አንድ ሕግ አውጥተው ከ2025 ዓ.ም. ጥር 1 ቀን ጀምሮ ጸና። ሕጉ እንደሚያዝዘው፣ የመጽሐፍ፣ የፊልም፣ የዘፈንና የጨዋታ ሻጭ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነና ሻጩ ሊያቋርጠው የሚችል ከሆነ፣ ይህን በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል ሊጠቀም አይችልም። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አዘንሁ። ሕጉ ሻጩን «እውነቱን ተናገር» አለው፤ «እውነተኛ ሽያጭ ሽጥ» ግን አላለውም። በዚያው ዓመት በየካቲት 26 ቀን አማዞን አንድ በር ዘጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የገዛውን የኪንድል መጽሐፍ ወደ ገዛ ኮምፒዩተሩ አውርዶ በሽቦ ወደ መሣሪያው ማሻገር ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልተቻለም። እውነቱን መናገር የሚያሳፍረው ሻጭ ቢኖር ምናልባት ሕጉ ይበቃ ነበር።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ መጽሐፍ ነው፤ ኪንድል የማያውቅ አንባቢ «ይህ የባዕድ አገር ሰው ጭንቀት ነው» ይለኝ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ቤታችን ልመለስ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፉ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሡ የሚተዳደሩትን ሱቆች የማያውቅ ከተሜ የለም። በነዚህ ሱቆች ውስጥ አንድ ጐበዝ ተቀምጦ የፕሪንተሩን ቀለም ባለቀ ጊዜ ዕቃውን ከፍቶ በመርፌ ይሞላዋል። አዲሱ የቀለም ዕቃ አንዳንድ ጊዜ የመኪናውን የግማሹን ዋጋ ያህል ሲያወጣ፣ የተሞላው ቀለም ግን ባለ ጉዳዩን ገጹን በጥቂት ብር ያሳትምለታል። ይህ ብልሃት ከሌለ ሱቁም የለም። አንድ ቀን ግን መኪናው «ይህ ቀለም የእኔ ጌታ ቀለም አይደለም» ብሎ ይቆማል። ቀለሙ አልተበላሸም፣ መኪናውም አልተሰበረም፤ በዕቃው ላይ የተለጠፈች አንዲት ጥቃቅን ነገር ከመኪናው ጋር ተነጋግራ እንቢ አለች። በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር ኤች ፒ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ብዙ ፕሪንተሮች በአንድ ቀን እንዲህ አደረጉ፤ እንዲያ እንዲያደርጉ የሚያዝዝ ሶፍትዌር አስቀድሞ ገብቶባቸው ነበርና። ጩኸቱ በበዛ ጊዜ ኩባንያው አስቀድሞ በሚገባ ባለማስታወቁ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለፈለገ ሰው እገዳውን የሚያነሣ ሶፍትዌር አቀረበ። እገዳውን ግን እንደ ሥርዐት አልተወውም። ይኸው ኩባንያ በየወሩ እያስከፈለ ቀለም የሚልክበት አገልግሎትም አለው፤ ደንበኛው ክፍያውን ያቋረጠ እንደ ሆነ፣ በእጁ ያለው የቀለም ዕቃ ግማሹ እንኳ ሳያልቅ ማተሙን ያቆማል።

ጸሐፊዎቻችን የቀለም ቀንዳቸውን ከጥላሸትና ከቅጠል በቀመሙት ቀለም ሲሞሉ ቀንዱ የማን ላም እንደ ነበረ አልጠየቃቸውም። (ይህን የምጽፈው ለቀልድ አይደለም፤ ቀለም መቀመም የጸሐፊው የሥራው ክፍል ነበረ፤ መርፌ የያዘው ጐበዝም የእርሱ ወራሽ ነው።)

የስልኩ ነገር ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አፕል የተባለው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጁትን የአይፎን ስልኮቹን በሶፍትዌር አማካይነት እንዲዘገዩ ማድረጉን አመነ። ፍርድ እንዳላጣምም ምክንያቱን ልናገር። ያረጀ ባትሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ኀይል ሲጠየቅ መስጠት አይችልም፤ ስልኩም ሳይታሰብ ይጠፋል፤ ኩባንያው ይህን ለማስቀረት አዘገየሁት አለ። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ስለ ምን ለባለቤቱ አልተነገረም? ስልኩ እንደ ታመመ በቅሎ መጐተት ሲጀምር ባለቤቱ አረጀ ብሎ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ባትሪ ነበረ። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ኩባንያው የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ዓ.ም. ፈረንሳይ ለተጠቃሚዎቹ ባለማስታወቁ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተከሰሰበትን ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጨረሰው። የፈረንሳይና የአሜሪካ ገዢ ዳኛ አገኘ። በአዲስ አበባና በደሴ ያንኑ ስልክ ይዞ የሚጐተተው ሰው ግን ከዚያ ገንዘብ ድርሻ አልነበረውም።

ከውጭ አገር ስለሚመጣው ስልክ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የብዙ ቤተ ሰብ ሐዘን ይቀርብኛል። በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ደመወዝዋን አጠራቅማ፣ ወይም አሠሪዋ ያረጀውን ስልክ ሰጥታት፣ ለወንድምዋ ትልካለች። ስልኩ ይደርሳል፤ ደስታ ይሆናል፤ ሲከፈት ግን የቀድሞው ባለቤት አካውንትና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አሠሪዋ ረስታዋለች፣ ወይም እኅት ሥራ ለውጣለች፣ ወይም ስልኩ ሲገዛ ሦስተኛ እጅ ነበረ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው ይህ ቍልፍ ሌባ የሰረቀውን ስልክ እንዳይጠቀምበት የተበጀ ነው፤ ይህ መልካም ነው፤ በታክሲ ውስጥ ስልኩን የተሰረቀ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን ቍልፉ ሌባውንና ስጦታ ተቀባዩን አይለይም። የሚለየው ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ የለም።

እዚህ ላይ የደጅ ጥናትን ዘመን አስባለሁ። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን በመኳንንት ደጅ ወር ሙሉ መቀመጥ ነበረ፤ መራራ ነገር ነው፣ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ቢሆንም ደጅ ጠኚው ደጅ ነበረው። በረኛውን በዐይኑ ያየዋል፤ ይለምነዋል፤ ቢሰለቸው ይሰድበዋል፤ ጌታው በበቅሎ ሲወጣ «አቤት» ብሎ ይጮኻል። ዛሬ ከአካውንቱ የተዘጋበት ሰው፣ ዐሥር ዓመት ያጠራቀመው የልጆቹ ፎቶግራፍና የደንበኞቹ አድራሻ በውስጡ የቀረበት ሰው፣ አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። ይጽፋል፤ መኪና ይመልስለታል። ደግሞ ይጽፋል፤ ያንኑ መልስ ያገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣውና ከ2024 ዓ.ም. የካቲት 17 ቀን ጀምሮ በሙሉ በጸናው ሕግ ታላላቆቹ መድረኮች የሰውን አካውንት ሲዘጉ ምክንያቱን እንዲነግሩትና አቤቱታውን በመኪና ብቻ እንዳይፈርዱበት ተገደዋል። በስቶክሆልምና በሮማ ያሉ ወገኖቻችን ይህ መብት አላቸው። እዚህ ያለው ወንድማቸው በዚያው መድረክ ላይ፣ በዚያው ስም፣ በዚያው ስልክ እየተነጋገራቸው የለውም።

ከተቃዋሚዎቼ አንዱ የደራሲን መብት ያነሣብኛል። ቍልፉ ከተነሣ አንድ ሰው ገዝቶ ሺህ ሰው ይገለብጣል፣ ደራሲውም ይራባል ይላል። ደራሲ መራቡን እኔም አልወድም፤ በዚህ ከተማ ያሉ ደራስያን መጽሐፋቸው በወጣ በሳምንቱ ተቀድቶ በቴሌግራም ሲዞር ያያሉ። ነገር ግን አፕል የሚሸጣቸውን ዘፈኖች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቍልፍ ይሸጣል፤ የዘፈን ንግድም አልሞተም። ቶር የተባለው የአሜሪካ መጽሐፍ አሳታሚም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጻሕፍቱን ያለ ቍልፍ ይሸጣል። ቍልፉም ቢቀር ግድ የለም እንበል፤ መገልበጥን መከልከል አንድ ነገር ነው፣ ከተሸጠ በኋላ ወደ ሰው ቤት እጅን ሰድዶ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። አጥር ያጠረ ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ጓዳ የመግባት መብት አላገኘም።

ሌላው «ካልወደድህ አትግዛ» ይላል። ይህ ሰው ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ በስልክ በኩል በሚጠራበት ዘመን ስልክ ሳይይዝ አንድ ወር ኖሮ ቢያሳየን ደስ ይለናል። በነጻ ስለሚሰጡት ነገር የሚያነሡም አሉ፤ የነጻው ነገር ዋጋው ሌላ ነውና ለሌላ ቀን ይቈየን።

ሦስተኛው ግን በቁም ነገር መልስ ይገባዋል። «ዓለም ሁሉ ወደ ኪራይ እየሄደ ነው፣ ኪራይም ነውር አይደለም» ይላል። ነውር አይደለም። በዚህ ከተማ አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን። ነገር ግን የቤት አከራይ የኪራይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ተከራይም ኪራይ መሆኑን ዐውቆ ግድግዳውን አያሳድስም፣ ለልጁ አወርሳለሁ ብሎም አይናገርም። የሽያጭን ዋጋ ተቀብሎ፣ የሽያጭን ቃል ተናግሮ፣ በኋላ የአከራይን ሥልጣን የሚይዝ ሰው በየትኛውም ገበያ ስሙ ከአከራይ ጋር አይጠራም። ኪራይ ከሆነ ኪራይ ይበሉት፤ ዋጋውንም እንደ ኪራይ ያድርጉት። ያን ጊዜ እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

በአውሮፓ በ2024 ዓ.ም. የወጣ ሌላ መመሪያ ስልክንና ልብስ ማጠቢያን የመሰሉትን ዕቃዎች የሠራ ኩባንያ በተመጣጠነ ዋጋ እንዲጠግናቸው ያስገድዳል፤ አባል አገሮቹም እስከ 2026 ዓ.ም. ሐምሌ 31 ቀን በየሕጋቸው እንዲያገቡት ቀን ተሰጥቶአቸዋል። እኛ በገዛ አቈጣጠራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቍጥር 813፣ አለን፤ እርሱም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ ቃል ለዘይትና ለሲሚንቶ ብቻ የተጻፈ ነው የሚል አንቀጽ አላየሁም። የከተማችን ስልክ ነጋዴ ቢያንስ የሚሸጠው ስልክ ከቀድሞ ባለቤት አካውንት የተፈታ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ጽፎ ይፈርምልን፤ የፕሪንተር አስመጪም መኪናው ሌላ ቀለም ይቀበል እንደ ሆነ ከመሸጡ በፊት ይንገረን። ይህን ለማድረግ ማንም ወደ አሜሪካ መሄድ አያሻውም።

አንድ ልመና ደግሞ ለወጣቶቹ አለኝ። የነዚህን ኩባንያዎች መደብርና አፕሊኬሽን ወደ አማርኛ የሚመልሱ፣ ወይም በገዛ ቋንቋችን አዲስ መደብር የሚሠሩ ወጣቶች በመካከላችን አሉ። የእንግሊዝኛውን ቃል እያዩ ሻጩ መልሶ ሊወስደው በሚችለው ነገር ላይ «ግዛ» ብለው ሊጽፉ ጣታቸው በፊደሉ ላይ ነው። እባካችሁ አትጻፉት። «ተከራይ» የሚል ቃል አለን፤ «ለጊዜው ተጠቀም» የሚልም አለን፤ ቢረዝም ይርዘም። አሠሪያችሁ ይህስ ደንበኛ ያሸሻል ቢላችሁ፣ እንግዲያውስ ቃሉን የሚያጸና ሽያጭ ሽጥ በሉት፤ የዚያን ጊዜ «ግዛ» ብላችሁ በትልቁ ፊደል ጻፉለት።